ኢንተርስቴላር ላይ ያስለቀሰን ማነው? የሐዋሳ ፊልም ወዳጆች ክርክር

የፊልም ወዳጆቹ ውይይት ላይ ይህን ርዕስ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ መጀመሪያ የጻፍኩትን ላስቀምጥና መልሶቹን በየቁጥራቸው እተርካለሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። አንዳንዱ መልስ እንዳለ ቢገለበጥ እንደገና ያጣላናል።

መክፈቻው

ኢንተርስቴላር ሲኒማ የገባው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2014 ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ስሙ በተነሳ ቁጥር ሰው የሚያወራው ስለ ብላክ ሆሉ (ብርሃን እንኳ ስለማያመልጠው የሕዋ ጉድጓድ)፣ ተራራ ስለሚያህለው ማዕበል፣ ስለ ሰዓቱ ነው። እኔ ደግሞ ይህ ሁሉ ጌጥ ነው ባይ ነኝ። ፊልሙን የተሸከመው የማቲው ማኮናሂ ፊት ነው።

የቱን ቦታ እንደምል ያየው ሁሉ ያውቀዋል። ማኮናሂ የሚጫወተው ጠፈርተኛ ኩፐር ከማዕበሉ ፕላኔት ተርፎ ወደ ሕዋ መርከቡ ይመለሳል። ለእሱ ያለፈው ጥቂት ሰዓት ነው። ምድር ላይ ግን 23 ዓመት አልፏል፤ ብላክ ሆሉ አጠገብ ጊዜ ይዘገያል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የተጠራቀሙትን የቪዲዮ መልእክቶች ይከፍታል። መጀመሪያ ፈገግ ይላል። ልጁ ቶም አድጓል፣ የሴት ጓደኛ ይዟል። ቀጥሎ የልጅ ልጅ ይመጣል። እዚህ ጋ ፈገግታው ሳይጠፋ አፉ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ደስታውና ለቅሶው አንድ ፊት ላይ ይጋፋሉ።

እኔ ያየሁት ፒያሳ አካባቢ ካለ ፊልም ቤት በፍላሽ አስጭኜ፣ ጓደኛዬ ክፍል ውስጥ ነው። የላፕቶፑ ስክሪን ጥጉ ላይ ተሰንጥቆ ነበር፤ ስንጥቁ ልክ የማኮናሂ ጆሮ ላይ ያርፋል። ጓደኛዬ ውሃ ሊቀዳ ተነስቶ ኩባያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ማንም ምንም አላለም።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ያ ወንበር ላይ ሌላ ተዋናይ ቢቀመጥ ታለቅሱ ነበር? እኔ እንጃ። ኮከብ የሚባለው ለእንዲህ ያለ ሁለት ደቂቃ ነው የሚከፈለው ብዬ ዘጋሁት።

መልሶቹ

1. የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የማይጽፍ ሰው ነው። በሰላምታ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ እንደሚስማማ ገለጸ። አንድ ነገርም ጨመረ። ማኮናሂ እነዚያን መልእክቶች ከቀረጻው በፊት አላያቸውም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያቸው ካሜራ ፊት ተቀምጦ ነው። ስለዚህ የምናየው የተጠና ለቅሶ ሳይሆን ድንጋጤ ነው የሚል እምነት አለው።

2. ሁለተኛዋ ስለ ፊቱ አልተከራከረችም። እሷን ያስለቀሳት ቦታ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። ኩፐር ትንሿን ልጁን መርፍን ተሰናብቶ መኪናውን ሲያስነሳ ነው። ቀደም ሲል መርፍ መኪናው ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተደብቃ አብራው ሄዳ ነበር። አሁንም ምናልባት ብሎ ብርድ ልብሱን ገለጥ ያደርጋል። ባዶ ነው። ትንሿን መርፍ የሆነችው ማኬንዚ ፎይ ሲቀረጽ የ12 ዓመት ልጅ ብትሆን ነው፤ የፊልሙ ኮከብ እሷ ናት፣ ትልልቆቹ አጃቢዎች ናቸው ብላ አረፈችው።

3. ሦስተኛው 169 ደቂቃ የሚረዝም ፊልም ቅጣት ነው ባይ ነው። ማዕበሉ ጋ ተኝቶ ሲነቃ ሰውየው መጽሐፍ መደርደሪያ ጀርባ ሆኖ ይጮኻል። ምን እንደተፈጠረ እስከ ዛሬ አልገባውም። እባካችሁ አስረዱኝ ብሎ ጠየቀ። ማንም አላስረዳውም።

4. አራተኛው ሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ነው። ነገሩን ሁሉ ወደ ሙዚቃው ወሰደው። የፊልሙ ዳይሬክተር ኖላን ለሙዚቃ ደራሲው ለሃንስ ዚመር መጀመሪያ ስክሪፕት አልሰጠውም። ስለ አባትና ልጅ የሚያወራ አንድ ገጽ ጽሑፍ ብቻ ሰጥቶ የመጣለትን እንዲጽፍ ነገረው። ገጹ ላይ ስለ ሕዋም ስለ ብላክ ሆልም የተባለ ነገር የለም። ዚመር በአንድ ቀን ሠርቶ አመጣለት። ኦርጋኑም ከኮምፒውተር የወጣ ድምፅ አይደለም፤ ለንደን ቴምፕል ቸርች ውስጥ ያለ እውነተኛ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ነው። ልጁ በመጨረሻ ሁላችንንም ፈተነን። ድምፁን አጥፍታችሁ እዩትና ካለቀሳችሁ ኪቦርዴን እሸጣለሁ ዓይነት ነገር።

5. ፈተናውን የተቀበለው ባጃጅ ነጂ ነው። ፍቅር ሐይቅ ጋ ተራ ሲጠብቅ በስልኩ ድምፁን አጥፍቶ አየው። ፊቱ ብቻውንም ይበቃል የሚል ፍርድ ሰጠ። ራሱ ያለቅስ አያልቅስ ግን ሳይነግረን ተሳፋሪ መጣለትና ወጣ። ኪቦርዱ እስካሁን አልተሸጠም።

6. እዚህ ጋ መምህር ገቡ። ስማቸውን ማንም አይጠራም፤ ሁላችንም መምህር ነው የምንላቸው። ፊዚክስ ያስተምራሉ፣ ሲጽፉም ሰሌዳ ፊት እንደቆሙ ነው። ማኮናሂን እንደሚወዱት፣ ሳይንሱን ጌጥ ማለቴ ግን እንዳልተዋጠላቸው ገለጹ።

መጀመሪያ ኪፕ ቶርንን አነሱ። ሰውየው የስበት ሊቅ ነው፤ የፊልሙ ሐሳብ ከተጠነሰሰ ጀምሮ አለበት። የብላክ ሆሉን ቀመሮች ጽፎ ለምስል ቅንብር ባለሙያዎቹ የሰጣቸው እሱ ነው። አንዳንዱን ፍሬም ብቻ ሠርቶ ለመጨረስ ኮምፒውተሩ እስከ 100 ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ቶርን በ2017 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። በፊልሙ ሳይሆን በስበት ሞገድ ጥናት ነው፤ መምህር ይህን ደጋግመው አስምረውበታል። በኤፕሪል 2019 ደግሞ የእውነተኛ ብላክ ሆል ምስል ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ ሆነ። መሀሉ ጨለማ፣ ዙሪያው የሚያበራ ቀለበት። ምስሉን ክፍል ይዘው ሲገቡ ተማሪዎቻቸው በአንድ ድምፅ የፊልሙን ስም እንደጠሩ ያስታውሳሉ።

ከዚያ ወደ ሂሳቡ ገቡ። እዚያ ፕላኔት ላይ 1 ሰዓት ምድር ላይ 7 ዓመት ነው። ሲሰላ እዚያ 1 ሰከንድ እዚህ 17 ሰዓት ይሆናል። ያ 23 ዓመት ደግሞ እዚያ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው። በጠዋት ከሐዋሳ መናኸሪያ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ገና ጉዞውን ሳይጨርስ፣ ቤት ትቷት የወጣት ሕፃን አግብታ ትወልዳለች። የመምህር ነጥብ ይኸው ነው። ሰውየው የሚያለቅሰው በዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከሌለ ለቅሶውም የለም።

ጥሩ መልስ ነው፣ አልክድም። ግን እኔ ፊልሙን ሳይ አላካፈልኩም፣ አላባዛሁም። የቁጥሩን ክብደት ያወቅኩት ከሰውየው ፊት ላይ ነው።

7. ሰባት ዓመት የሚለውን ያየ አንድ ቀልደኛ ዘሎ ገባ። እኛ ከፈረንጅ ሰባት ዓመት ወደኋላ የቀረነው ቅድመ አያቶቻችን እዚያ ፕላኔት ላይ ለአንድ ሰዓት ሻይ ሊጠጡ ወርደው ነው አለ። ሳቁ በዛ።

8. ያልሳቀም ነበር። ቆጣ ብሎ ጻፈ። ዘመን አቆጣጠራችን ወደኋላ የቀረ አይደለም፤ የክርስቶስን ልደት ዓመት በሌላ ስሌት ስለሚቆጥር ነው የሚለየው፣ ልዩነቱም እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። በገዛ አገር ቅርስ ሙድ መያዝ ፋራነት እንደሆነም አከለበት።

9. ቀልደኛው ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውም ግን አላረፈም። ልዩነቱ 8 ከሆነ ሻዩን የጠጡት 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ገደማ ነው ብሎ አረመ። መምህር ስሌቱ ትክክል መሆኑን ብቻ አረጋግጠው ወጡ።

10. ቀጣዩ ፊልሙ ኦስካሩን ጠራርጎ እንደወሰደ፣ ማኮናሂም ለኩፐር እንደተሸለመ በሙሉ ልብ ጻፈ።

11. አንዲት ሴት አንድ በአንድ አረመችው። ፊልሙ በ5 ዘርፍ ታጭቶ ያገኘው አንድ ነው፤ እሱም በምስል ቅንብር። ማኮናሂ በዚህ ፊልም እጩም አልነበረም። ሐውልቱን የወሰደው ማርች 2014 ላይ፣ በዳላስ ባየርስ ክለብ ነው። ለዚያኛው ከ20 ኪሎ በላይ ቀንሶ አጥንቱ ቀርቶ ነበር። ከሌሎቹ ተዋናዮች አን ሃታዌይ ከዚህ ፊልም በፊት ተሸልማለች፣ ጄሲካ ቻስቴን ደግሞ ቆይታ በ2022። ጣቱ ከመጻፉ በፊት ዓይኑ ቢያነብ ምን ነበረበት የሚል መቋጫም ነበራት። እርማቱ ልክ ነው፣ መቋጫው ግን ባይኖርም ይሆን ነበር።

12. አንዱ ፊልሙን መጀመሪያ ያየው መናኸሪያ አካባቢ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ በትርጉም ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀው። ተርጓሚው እንደ ልማዱ የሁሉንም ድምፅ ብቻውን ይሠራል። ቶምን በቀጭን፣ ኩፐርን በወፍራም፣ ሮቦቱን በአፍንጫው። ሰውየው ማልቀስ ሲጀምር ተርጓሚው ዝም ማለት አቃተው፤ ምስኪን አባት፣ ልጆቹ አደጉበት እያለ ያዝንለት ጀመር። የማኮናሂም ድምፅ፣ የዚመርም ኦርጋን በዚህ መሀል ድራሻቸው ጠፋ። ሆኖም ቪዲዮ ቤቱ በሙሉ ጸጥ ብሎ እንደነበር ይናገራል። ጫት የያዙት እንኳ መቃማቸውን አቁመው ነበር። የእሱ መደምደሚያ ያስለቀሰን ተርጓሚው ነው የሚል ነው። ቀልዱን ይሁን የምሩን ለመለየት ተቸገርኩ።

13. ይህኛው ረጅም ነው። ከዚህ በኋላ የውይይቱ ክር መልኩን ቀየረ።

የጻፉት ጅዳ ብዙ ዓመት በሾፌርነት የሠሩ አባት ናቸው። ሲሄዱ ልጃቸው ትምህርት ቤት አልገባችም ነበር። ያኔ በኢሞ ነው የሚገናኙት። ኔትወርኩ ሲያስቸግር ባለቤታቸው አጫጭር ቪዲዮ እየቀረጹ ይልኩላቸዋል። እሳቸው የአሠሪያቸውን ልጆች ትምህርት ቤት አድርሰው፣ መኪናውን ጥላ ስር አቁመው፣ ኤሲውን ከፍተው ያያሉ። አንድ ሰሞን ስልካቸው ተበላሽቶ ሳያዩ ቆዩ። አዲስ ስልክ ሲገዙ የተጠራቀመው ሁሉ ተከታትሎ ገባ። በመጀመሪያው ቪዲዮ ልጅቷ የወለቀ ጥርሷን ቦታ በምላሷ እየነካች ታሳያለች። በሚቀጥለው ጥርሱ በቅሏል። በሚቀጥለው ፀጉሯ ሹሩባ ተሠርቷል፣ ስለ ፈተና ታወራለች፤ ድምፅዋም የሌላ ሰው ሆኗል። ሁሉንም ባንድ ቁጭታ አዩት። ቀን ነበር፣ የሚወስዷቸው ልጆች ከትምህርት ቤት እስኪወጡ።

ሲመለሱ ልጅቷ በር ላይ ተቀበለቻቸው። ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸውና አንቱ እያለች አናገረቻቸው። እንደ እንግዳ። ሌላውን ሁሉ እንደቻሉት፣ ይህቺን ግን እንዳልቻሏት ጽፈዋል።

ኢንተርስቴላርን ያሳየቻቸውም እሷው ናት። ሶፋ ላይ አብረው ነበሩ። መልእክቶቹ ጋ ሲደርስ እሳቸው ፊልሙን ሊያቆሙ ሪሞቱን ፈለጉ። ሪሞቱ ላዩ ላይ ተቀምጠውበት ነበር።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቁን። የተዋናዩን ስም እንደማያውቁት፣ ለመሆኑ ልጆች እንዳሉት።

14. ሦስት እንዳሉት የነገራቸው ባጃጅ ነጂው ነው። ጋሼ ብሎ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር።

15፣ 16። ሁለት ሰዎች እግዚአብሔር ያክብርዎ፣ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ ብለው ጻፉ። አንዱ የእሱም ወንድም ሪያድ እንዳለ ጠቆም አድርጎ አለፈ።

17. እንዲህ ባለ ሰዓት የማይጠፋ ሰው አለ። ስለ ፊልም የተከፈተ ቦታ ለቅሶ ቤት ሆነ፣ ድንኳን ይተከል እንዴ ብሎ ጻፈ።

18፣ 19፣ 20። ወረዱበት። አንዱ አፉን እንዲሰበስብ ነገረው። ሌላው ቤተሰቡ ውስጥ ስደተኛ ከሌለ እድለኛ መሆኑን፣ እድለኛ ሰው ደግሞ ዝም ማለት እንደሚያምርበት ጻፈ። ሦስተኛው የጻፈውን እዚህ አልደግመውም። ሰውየው መልሱን አጠፋው፤ ቁጥሩ ብቻ ቀረ።

21. ከዚያ አንዲት ወጣት ገባች። ለአባትየው አክብሮቷን ከገለጸች በኋላ እሷ ከሌላኛው ወገን መሆኗን ተናገረች። እናቷ ቤሩት ነበሩ። ያደገችው አክስቷ ቤት፣ አቶቴ ነው። እናቷ በደወሉ ቁጥር ጓሮ ወጥታ ከውሃው በርሜል ኋላ ትቀመጥ ነበር፣ ጥሪው እስኪያበቃ። አክስትየው ትምህርት ቤት ናት ብለው ይዋሻሉ። እሷ ከበርሜሉ ኋላ ሆና ውሸቱን ትሰማለች።

ስለዚህ ፊልሙን ስታይ ማኮናሂ ሲያለቅስ አላለቀሰችም። ተናደደች። የሄደው እሱ፣ የሚያለቅሰውም እሱ። መርፍ ለዓመታት አንድም መልእክት አልላከችለትም፤ ለምን ትላክለት? ልክ እዚያው ቦታ ላይ ጄሲካ ቻስቴን፣ ያደገችውን መርፍ ሆና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ትላለች። ልደቷ ነው። አባቷ ጥሏት ሲሄድ የነበረበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች። ፊቷ ደረቅ ነው፣ ዓይኗ ብቻ ነው የሞላው። ለዚህች ልጅ ኮከቡ ያ ደረቅ ፊት ነው። እኔ መክፈቻው ላይ ትዕይንቱን የልጅ ልጅ ሲወለድ ላይ ማቆሜንም ታዝባለች። ዋናው ሰው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው ባይ ናት።

ከመልሶቹ ሁሉ ጠንካራው ይህ ይመስለኛል። የመምህር ቁጥር ለቅሶው ከየት እንደመጣ ያስረዳል፤ ይህቺ ልጅ ደግሞ ከማን ጋር እንደምናለቅስ ጠየቀች። እኔ አሁንም ማኮናሂን አልለቅም። ግን የሁለቱ ፊቶች ፍልሚያ ነው ትዕይንቱ ብትሉኝ አልከራከርም። ካሜራው ከእሱ ወደ እሷ ሲዞር እሷን የምናያት በትንሽ ስክሪን ውስጥ ነው፣ እሱ ትልቁን ሙሉ ይዞ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አለመሸነፏ ቀላል ትወና አይደለም።

22. የጅዳው አባት ተመልሰው መጡ። አልተቀየሟትም። ልጄ ብለው ጀምረው አሁን ከእናቷ ጋር ይነጋገሩ እንደሆነ ብቻ ጠየቋት።

23. እናቷ አሁን ማዕድ ቤት እንደሆኑ፣ ቡናው ሁለተኛ ደርሶ ስልኩን ካልጣልሽው እያሉ እየጮኹባት እንደሆነ መለሰች። ከዚያ ለረጅም ሰዓት አልታየችም።

24. ክሩን ወደ ፊልሙ ለመመለስ የሞከረው ስለ ማት ዴመን የጻፈው ልጅ ነው። ዴመን ፊልሙ ሲተዋወቅ ስሙም ምስሉም አልወጣም ነበር። በረዶው ፕላኔት ላይ ከእንቅልፉ ሲነቃ ተመልካቹ ደነገጠ። ታዋቂ ፊት ስላየን ወዲያው አመንነው፤ ለዚያ ነው በኋላ ኩፐርን ሲከዳው ያቃጠለን። ኮከብነትን እንደ ወጥመድ የተጠቀመበት ፊልም ነው አለ። አሪፍ ነጥብ ነበር፣ ጊዜው ግን አልሆነለትም። ማንም አልመለሰለትም።

25. አንዱ ኮከቡ ታርስ ነው ብሎ ገባ። ብረት ሳጥን የሚመስለው ሮቦት። ድምፁን የሰጠው ቢል ኧርዊን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሮቦቱን ከኋላ ሆኖ ያንቀሳቀሰው ራሱ ነው፣ በኋላ እሱ ከምስሉ ላይ ጠፋ። ፊቱ ጨርሶ ያልታየ ተዋናይ ካሳቀን፣ ስለ ፊት የጻፍኩት ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው በሱ ቤት። እኔ ሳቄን አልደብቅም፤ ግን ታርስ አላስለቀሰኝም።

26. ከዚህ በኋላ መንገዱን ሳትን። አንዷ ሩት ኔጋን አነሳች። አዲስ አበባ የተወለደች፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አይሪሽ። በ2019 አድ አስትራ የተባለው የሕዋ ፊልም ላይ ከብራድ ፒት ጋር ተውናለች፤ ያውም ማርስ ላይ የተወለደች ሴት ሆና። ሐበሻ ማርስ ገብቷልና እልል በሉ አለች።

27. ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ እልል የሚልና የማይል። ይህኛው የማይል ነው። ልጅቷ ያደገችው አየርላንድ ነው፣ ስኬቷም የራሷ ነው፤ ሰው ሲያልፍለት ዘመድ መቁጠር አመላችን ሆነ ብሎ ወረፈ።

28. በ26 እና በ27 መካከል ጥቂት ከተወራወሩ በኋላ፣ አንድ ረጋ ያለ ሰው የእኛው የሆነ ሳይንስ ልቦለድ እንዳለ አስታወሰ። በ2015 የወጣው ክረምብስ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፣ የተቀረጸው እዚሁ አገር፣ ቋንቋው አማርኛ፣ መሪ ተዋንያኑ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሳይንስ ልቦለድ እየተባለ ነበር የተዋወቀው። ዓለም ከጠፋች በኋላ ያለ ታሪክ ነው። ሰማይ ላይ አንዲት መንኮራኩር ተንጠልጥላ ቀርታለች፣ ባልና ሚስቱ የተዘጋ ቦውሊንግ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፣ ማይክል ጆርዳን ይመለካል። ሰላምን በሌሎቹ ፊልሞቿ ብቻ የሚያውቋት ሰዎች ማመን አቃታቸው።

29. ይህን ሲያይ ፊልም ላይ መብራት የሚሠራ አንድ ወንድማችን ፈነዳ። እዚህ ቁጭ ብላችሁ የአሜሪካን ሚሊየነር እንባ ትመዝናላችሁ፣ የአገራችሁን ፊልም ግን ስሙንም የምታውቁት አሁን ነው ዓይነት ነው የጻፈው። ኢንተርስቴላር 165 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ለበቆሎው ማሳ ብቻ ካናዳ ውስጥ 500 ኤከር በቆሎ ዘርተው አብቅለዋል፤ እሱ ባለፈው ሥራው ላይ ለጄኔሬተር ቤንዚን ከኪሱ ነው የገዛው። ጣቱን ደግሞ ወደ ፊልም ቤቶች ቀሰረ። ወራት የተለፋበት ፊልም በወጣ በማግስቱ በፍላሽ ለሻይ በማትበቃ ብር ይጫናል። የሚያስጭነውም የሚጭነውም እኩል ሌባ ነው ብሎ ጨረሰ። እኔንም ጨምሮ ማለት ነው፤ ማስጫኔን መክፈቻው ላይ በአደባባይ ጽፌያለሁ።

30. ፊልም ቤት ያለው ልጅ ዝም አላለም። ሌባ መባሉ እንዳስቆጣው በግልጽ ጻፈ። ኢንተርስቴላር ሲወጣ እሱ የሚያውቃቸው የሐዋሳ ልጆች በሙሉ ያዩት በፍላሽ ነው፤ ሌላ መንገድ ካለ ያሳየኝ፣ እኔም ወረፋ ይዤ ትኬት እገዛለሁ አለ። የአገር ውስጥ ፊልም ሲኒማ ላይ እያለ መጫን ካቆመ ቆይቷል፣ ማመን የፈለገ መጥቶ ኮምፒውተሩን ይይ። አሁንማ ደንበኛውም ሸሽቷል፣ ሁሉም ቴሌግራም ላይ ያወርዳል፤ እሱ የሚኖረው ስልክ በመጠገን ነው።

31. መብራት ሠራተኛው ኮምፒውተሩን መጥቶ እንደሚያይ ዛተ። ፊልም ቤቱ አድራሻውን ላከለት። ይህን ዛቻ እንበለው ቀጠሮ አላወቅንም።

32. ነገሩን ያበረደችው ያቺ ኦስካሩን ያረመችው ሴት ናት። የተሳለ ምላሷን ከዚህ በፊት ስላየን ሁሉም አዳመጠ። ለምን አንድ ቅዳሜ ማታ በፕሮጀክተር አብረን አናይም፣ ክረምብስ መጀመሪያ፣ ኢንተርስቴላር ቀጥሎ፣ የክረምብስን ደግሞ ከፍለን ብላ ሐሳብ አቀረበች። ታቦር በኩል ሰፊ ግቢ ያላቸው ዘመድ አሏት።

33. ኪቦርድ ተጫዋቹ ስፒከር እንደሚያመጣ፣ ኦርጋኑ በስልክ ድምፅ ከተሰማ ግን እንደማይመጣ አስታወቀ።

34. ባጃጅ ነጂው ከአሞራ ገደል የተጠበሰ ቆሮሶ አመጣለሁ አለ። ስንት ሰው እንደሆን ቀድመን እንድንነግረው ጠየቀ። እዚህ ላይ ስምንት ዘጠኝ ሰው ስለ ዓሣ ብቻ ጻፈ፤ ዳጣው ይብዛ፣ ሎሚ አይረሳ፣ ሾርባውስ። ቁጥራቸውን ዘልያለሁ።

35. የጅዳው አባት ከልጃቸውም ከባለቤታቸውም ጋር ለመምጣት ፈቃደኛ ናቸው። ባለቤታቸው ግን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስር ስር ማንበብ ስለሚያደክማቸው የትርጉሙ ቢሆን ይመርጣሉ።

36. ኪቦርድ ተጫዋቹ በትህትና ተቃወመ። ተርጓሚው ኦርጋኑ ላይ ያወራበታል።

37. 12ኛውን የጻፈው ልጅ የትርጉሙ ካልሆነ ፊልሙን እንዳየ እንደማይቆጥረው ተናገረ።

38. መምህር አማርኛ ጽሑፍ ከስር ሠርተን ለምን አንለጥፍበትም ብለው ጠየቁ። ሳይንሱን እሳቸው ሊተረጉሙ፣ ሌላውን እኛ ልንከፋፈል። ከአቶቴዋ ልጅ ቡናዋን ጠጥታ ከመጣች በኋላ የመርፍን መልእክት እኔ እተረጉማለሁ የሚል ፈቃድ ተገኘ። የኩፐርን ድርሻ ለእኔ ሰጡኝ። እዚያ ትዕይንት ላይ የሚተረጎም ንግግር የለውም ማለት ይቻላል።

39. ፊልም ቤቱ ጽሑፉን ፊልሙ ላይ የመለጠፉን ሥራ በነፃ ወሰደ። መብራት ሠራተኛው መብራት ከሄደ ጄኔሬተር እንዳለው፣ ቤንዚኑን ግን በዚህ ዙር እሱ እንደማይገዛ አሳወቀ።

40. የመጨረሻው መልስ ጥያቄ ነው። ፕሮጀክተሩ የማነው?